አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ያለ ጭረት

አባዬ ሃያ ስምንት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። መንዳት ያቆመው በአንድ ዝናባማ ጠዋት ነው። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መሪ የሚባል ነገር አልነካም። እንደገና የነካው ታሞ ሶፋ ላይ መዋል ከጀመረ በኋላ ነው፤ እሱም ቢሆን እውነተኛ መሪ አልነበረም።

ያን ጠዋት አስቀድሜ ልናገር፤ ያለሱ ቀሪው አይገባም። ሆስፒታሉ አጠገብ ያለው ኩርባ ላይ፣ ቆሞ ከነበረ የጭነት መኪና ጀርባ፣ ጃንጥላ የያዘች ሴት ብቅ አለች። የሆስፒታሉ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ የጠዋት ተረኛ። አባዬ ፍሬን ያዘ፤ አውቶቡሱ ግን እርጥብ አስፋልት ላይ ተንሸራተተ። ሴትዮዋ እዚያው አረፈች። ሰው «በስልክ እያወራ ነበር» አለ፤ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን መረመረና ጥፋት የለበትም ብሎ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠው። አባዬ ወረቀቱን ተቀብሎ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄደ፣ የአውቶቡሱን ቁልፍ የኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና በእግሩ ወደ ቤት መጣ። ስልኩንም ለእማዬ ሰጣት። ከዚያ ወዲህ ስልክ በእጁ ይዞ አላየሁትም።

የሟች ቤተሰብ ጋ ሄደህ ይቅርታ ጠይቅ ያላለው ሰው የለም። እማዬ ለምናዋለች፤ የሥራ ጓደኞቹ አብረንህ እንሂድ ብለውታል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «በየትኛው እጄ ነው የምጨብጣቸው?» ወረቀቱን ይዘህ ሂድ ሲሉት ደግሞ ይቆጣል። ወረቀቱን የጻፈው ዳኛው ነው፣ ዳኛው ደግሞ አውቶቡሱ ውስጥ አልነበረም ይል ነበር።

ኩላሊቱ ሥራ ያቆመው ስድሳ ሦስት ዓመት ሲሞላው ነው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ሆስፒታል ትወስደዋለች፤ ደሙ በማሽን እየታጠበ አራት ሰዓት ተኝቶ ይመለሳል። ሆስፒታሉ ያው ሆስፒታል ነው። በሳምንት ስድስት ጊዜ በዚያ ኩርባ ያልፋል ማለት ነው። ኩርባው ጋ ሲደርሱ ዓይኑን ይጨፍናል ትላለች እማዬ፤ ሁለት ቤት ቀድሞ ነው የሚጨፍነው፣ ሁለት ቤት አልፎ ነው የሚገልጠው። ዓይኑንም ስኳር በልቶት ነበር። መንገድ፣ መኪና፣ ሰው፣ ትልልቁን ያያል። ፊደልና ቁጥር ግን አያይም።

እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ሳሎኑ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ነው ያለው፤ ከአባዬ ሶፋ ሦስት እርምጃ ይርቃል። ስለዚህ መድኃኒቱን የማነብለት፣ ሰዓቱን የምነግረው እኔ ነበርኩ። «ረዳቴ» ነበር የሚለኝ። «ረዳቴ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» «ረዳቴ፣ በር ላይ ማነው?» እማዬ ስትሰማ ትስቅና፣ ሃያ ስምንት ዓመት የሹፌር ሚስት ሆኜ ረዳት እንኳን አልሆንኩም፣ ይኸው በአንድ ጊዜ ሹመቱን ወሰደችው ትል ነበር።

ሰፈሩ ሁሉ ብየዳ እያለ የሚጠራው የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ አለ። ተማሪ ሳለ የሚመላለሰው በአባዬ አውቶቡስ ነበር፤ አርፍዶ ሲሮጥ አባዬ ቆሞ ይጠብቀዋል። አንድ ቀን ደንበኛ ጥሎት የሄደ የጌም ማሽን ጠግኖ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር የፕላስቲክ መሪ ጨምሮ ይዞ መጣ። ጣራ ከሚቆጥሩ ይንዱ አለው። ጌሙ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ መንዳት ነበር። ከመናኸሪያ ተሳፋሪ ትጭናለህ፣ በአውራ ጎዳናው ትሄዳለህ፣ ሌላ ከተማ መናኸሪያ ታወርዳለህ። ማሽኑ ያለ አካውንት አልከፍትም ስላለ፣ አካውንቱንም ያለ ስልክ ቁጥር አልከፍትም ስላለ፣ በእማዬ ስልክ ከፈተለት።

አባዬ ሁለት ሳምንት አልነካውም። መሪው ላይ ፎጣ አልብሶ ተወው። አንድ ከሰዓት በኋላ መጋረጃ እየሰፋሁ ቲክ ቲክ የሚል ነገር ሰማሁ። ዘወር ስል ፎጣው ወርዷል፣ ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው፣ የቀኝ ፍሬቻ እያሳየ ነው። አውቶቡሱ ግን አልተንቀሳቀሰም። ፍሬቻውን እያበራ ረጅም ሰዓት እዚያው ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወጣ።

ብየዳ ሲያየው ሳቀ። ጌም ውስጥ ፍሬቻ የሚያሳይ ሰው አይቼ አላውቅም አለ። አባዬ ከስድሳ በላይ አይነዳም። መንገድ ዳር የቆመ የጭነት መኪና ሲያይ ደግሞ እስከ እግረኛ ፍጥነት ያወርድና ጥሩምባ እየነፋ ነው የሚያልፈው። ከኋላ ያሉት የማሽኑ መኪኖች ይጮኹበታል። «ይጩኹ» ይላል።

የመጀመሪያውን መናኸሪያ በገባ ጊዜ ቴሌቪዥኑ ቲንግ አለና ቀኝ ማዕዘኑ ላይ ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች። ወጥ ቤት ደግሞ የእማዬ ስልክ ጮኸ። አባዬ የሆነ ነገር የሰበረ መስሎት እጁን ከመሪው አነሳ። አነበብኩለት፦ የነሐስ ሜዳልያ፣ «የመጀመሪያ ጉዞ»። ማነው የሰጠኝ አለ። እኔም አላወቅኩም፤ ብየዳን ጠራነው።

ብየዳ ሻዩን ይዞ ቁጭ አለና አስረዳን። የጌሙ ሠሪዎች አርባ ሁለት ሜዳልያ ውስጡ አስቀምጠዋል። እያንዳንዱ የራሱ ሥራ አለው፤ በሌሊት ንዳ፣ በበረዶ ንዳ፣ መቶ ተሳፋሪ ሳታረፍድ አድርስ። ቀላሉ ነሐስ ነው፣ ቀጥሎ ብር፣ ከባዱ ወርቅ። ስማቸው ተደብቆ የጥያቄ ምልክት ብቻ የሚታይባቸውም አሉ፤ እነሱን ሳታስበው ነው የምታገኛቸው። ዝርዝሩ ውስጥ ያላገኘኸው ቁልፍ ተስሎበት ይታያል። ያገኘኸው ደግሞ ቀኑና ሰዓቱ እስከ ደቂቃው ይጻፍበታል፤ ጌሙን ከሚጫወቱት ሰዎች ከመቶ ስንቱ እንዳገኙትም አጠገቡ አለ። አንዴ ከተሰጠህ ሁለተኛ አይሰጥህም፤ ማንም አይወስድብህም።

አባዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«የሚሰጠው ሰው የለም? ማሽኑ ራሱ ነው አይቶ የሚሰጠው?»

«ማሽኑ ራሱ ነው ጋሼ። አማላጅ የለ፣ ዘመድ የለ። ከነዱ ነዱ፣ ካልነዱ አልነዱም።»

አባዬ ራሱን ነቀነቀ። በዚያ ሳምንት ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አስነበበኝ። መጨረሻ ላይ አንድ የወርቅ ሜዳልያ ነበር፦ «ያለ ጭረት»። አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር መንዳት፤ አውቶቡሱ ሳይጫር፣ ሰው ሳይነካ፣ ቀይ መብራት ሳይጣስ። አንዴ ከነካህ ቆጣሪው ወደ ዜሮ ይመለሳል። ስንት ሰው አግኝቶታል አለኝ። ከመቶ ግማሽ ይላል አልኩት።

«ግማሽ ሰው?» አለና የደረቀ እጁን አየ። «እኔን ነዋ የሚጠብቀው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሎቹን ተዋቸው። በአንድ ምሳ ሰዓት ላይ ለእማዬና ለእኔ ነገረን። አሥር ሺው ሲሞላ ሴትዮዋ ቤት እሄዳለሁ አለ። ባሏ በሕይወት ካለ ባሏን፣ ከሌለ ልጇን። ምን ብለህ ብላ እማዬ ጠየቀችው። አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ማንንም ሳልነካ ነድቼ መጣሁ እላለሁ አለ። እማዬ በጌም ነው እንዴ ልትል አፏን ከፈተች፤ አየኋት። ከዚያ ዳቦ ቆረሰችለት። ዘጠኝ ዓመት እሄዳለሁ የሚለውን ቃል ከአፉ ሰምተን አናውቅም ነበር።

በመጀመሪያው ሙከራ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ አርባ ደረሰ። አራት ወር ፈጀበት። አንድ ረቡዕ እጁ ተንቀጠቀጠና የጎን መስታወቱ አጥር ነካ፤ ሲነካ ድምፅ እንኳን አልነበረውም። ቆጣሪውን አንብቢልኝ አለ። ዜሮ አልኩት። መሪውን ለቀቀ። ሦስት ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ፤ ሐሙስ ለእጥበቱም አልሄድም ብሎ እማዬ አልቅሳ ነው የወሰደችው። በአራተኛው ቀን ተነስቶ ፍሬቻውን አበራ።

ሁለተኛው ሙከራ ሰባት ወር ወሰደ። በእነዚያ ሰባት ወራት አባዬ እያነሰ ሄደ። እግሩ አበጠ፣ እጁ ሰለለ። በቀን ሁለት ሰዓት፣ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ከእጥበት በተመለሰበት ቀን ምንም። በየማታው ቆጣሪውን አነብለታለሁ። ቆጣሪው የሚጨምረው መናኸሪያ ገብቶ ተሳፋሪ ሲያወርድ ብቻ ነበር፤ መንገድ ላይ እያለ ብትከፍተው የድሮውን ቁጥር ነው የሚያሳይህ። በመሃል የእማዬን ስልክ ድምፅ አጠፋሁት፤ ለሌሎቹ ጥቃቅን ሜዳልያዎች ሁሉ መልእክት እየመጣ ቲንግ ሲል፣ ባልየው ይሸለማል እኔ እደነግጣለሁ እያለች ስላማረረች። ይህን እዚህ የምጽፈው ኋላ ስለሚመጣ ነው።

ሐኪሙ እማዬን ለብቻዋ ጠርቶ ያናገራት በዚያ ሰሞን ነው። ልቡ ደክሟል፣ በወራት አትቁጠሪው አላት። ለእኔ ነገረችኝ፤ ለእሱ አልነገርነውም። ቆጣሪው ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ላይ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ረጅም መስመር ጀመረ፤ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር። ደህና ቀን ነበርና ሁለት መቶ አሥር ያህል ነድቶ መንገድ ዳር አቆመ። ሊያቆም ሲል ግን እጁ እንደዚያ ቀን ተንቀጠቀጠ፤ አውቶቡሱ የመንገዱን ጠርዝ ሊስም ጥቂት ቀረው። አባዬ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። እኔን ግን መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እማዬና አባዬ ወጡ። በሩ እንደተዘጋ ሶፋው ላይ፣ እሱ የተቀመጠበት ጎድጓዳ ላይ ተቀመጥኩ። ሐሳቤ ይህ ነበር። ሦስት መቶ ዘጠና ኪሎ ሜትር ቀርቷል። እኔ አብዛኛውን በአውራ ጎዳናው እነዳለታለሁ፤ መናኸሪያው በር ላይ አቆምለታለሁ። የመጨረሻዋን ኩርባና በሩን እሱ ይገባል፤ ሜዳልያው በእጁ ይወድቃል። ረቡዕ ካሰብከው በላይ ነድተህ ነበር እለዋለሁ። ቁጥሩን የማነብለት እኔ ነኝ፣ ማን ያውቃል። ተሳፋሪ ሳይወርድ ቆጣሪው አይጨምርም፤ ስለዚህ ሜዳልያውም መናኸሪያ ሳይገባ አይወድቅም ብዬ ነበር። የፈለግኩትን ያህል ብነዳ ችግር የለም ብዬ።

ዘጠና ላይ ነዳሁ። እሱ ሲነዳ ዓመት ሙሉ አይቻለሁ፤ እጄ መንገዱን ያውቀው ነበር። የቆመ የጭነት መኪና ሳይ እንደሱ ዝቅ አደርጋለሁ። ሦስት ሰዓት ከግማሽ ያህል እንደሄድኩ፣ ዛፍ በበዛበት ቀጥ ባለ መንገድ ላይ፣ ምንም በሌለበት፣ ቴሌቪዥኑ ቲንግ አለ።

ሳጥኗን አየኋት። ወርቅ ናት። «ያለ ጭረት።»

አውቶቡሱን አቆምኩት። መጀመሪያ ያደረግኩት ማሽኑን ከሶኬቱ መንቀል ነው። መልሼ ስከፍተው ዝርዝሩ ላይ ነበረች፤ ቁልፉ ተነስቷል፣ ቀኑ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ረፋድ አምስት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው። አባዬ በዚያ ደቂቃ ክንዱ ላይ ሁለት መርፌ ተሰክቶ የሆስፒታል አልጋ ላይ ነበር።

ማሽኑን በፎጣ ጠቅልዬ ወደ ብየዳ ሮጥኩ። የአንድ ሰው ሬዲዮ ፈትቶ ዊንጮቹን በአፉ ይዞ ነበር። የሆነውን ነገርኩት፤ አጥፋልኝ አልኩት። ዊንጮቹን አንድ በአንድ ከአፉ አወጣ። መናኸሪያ የሚቆጥረው ለዓይን የሚታየውን ቁጥር ብቻ ነው አለኝ፤ ማሽኑ በሆዱ እያንዳንዷን ኪሎ ሜትር ሲቆጥር ነው የኖረው።

«እና አጥፋልኛ።»

«እህቴ፣ ጌሙ እንደ ደብተር ነው፤ ገጽ ቀድጄ ወደ ረቡዕ እመልስልሻለሁ፣ ማሽኑ በየቀኑ ቅጂ ያስቀምጣል። ሜዳልያው ግን ደብተሩ ላይ የለም። አካውንቱ ላይ ነው፤ አካውንቱ ደግሞ የት አገር እንዳለ በማላውቀው ማሽን ላይ። ይሄን ዕቃ በመዶሻ ብትሰባብሪው እዚያ ሐሙስ እንዳለ ነው።»

አዲስ አካውንት ብንከፍትስ አልኩ። ከዜሮ ይጀምራላ አለ። ሰባት ወር። ብየዳ ሬዲዮውን እያየ፣ ለጋሼ ንገሪያቸው አለኝ። በሁለት ቃል ንገሪያቸው፣ ይቆጡሽ፣ ያልቃል። እኔ ቀጥታ ከንፈሬ ላይ የመጣውን ነው የተናገርኩት፦ ግድግዳውን እያየ ይሞታል።

ስለዚህ ብየዳ ወደ ረቡዕ መለሰው። አውቶቡሱ አባዬ ያቆመበት ቦታ ተመልሶ ቆመ። ሦስት መቶ ዘጠናውን እሱ ራሱ ይነዳል፤ አንዷም የእኔ አትሆንም። የሚጎድለው ድምፁ ብቻ ነው። ለእሱም መላ አገኘሁ። በራሴ ስም አካውንት ከፈትኩ፣ አጭሯን መስመር ነዳሁ፣ ቴሌቪዥኑ ቲንግ ሲል በስልኬ ቀዳሁት። የሁሉም ሜዳልያ ድምፅ አንድ ነው።

እማዬና አባዬ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ተመለሱ። ማሽኑ ቦታው ላይ ነበር፤ ፎጣው መሪው ላይ። አባዬ ደክሞት ነበር። ሶፋው ላይ ሲቀመጥ እጁን ጎድጓዳው ላይ ዳሰስ አድርጎ፣ ዛሬ ስፌት አልሰፋሽም አለኝ። ራሴን አሞኝ ነበር አልኩት። እማዬ ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ ከወትሮው ቶሎ ነው የገባችው።

ዓርብ ነዳ። እሑድ ነዳ። ሰኞም። እንደዚያ ሲነዳ አይቼው አላውቅም። እጁ ሲንቀጠቀጥ ያቆማል፣ ፍሬቻ ያሳያል፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል፤ ሲረጋ እንደገና ይወጣል። ሰኞ ማሽኑ ዝናብ አዘነበ። ኩርባ ላይ የጭነት መኪና ቆሞ ነበር። አባዬ አውቶቡሱን ጨርሶ አቆመው። ቆየ። እኔ የስፌት መኪናዬን አቆምኩ። ከዚያ ጥሩምባውን እየነፋ፣ ሰው በእግሩ ሊቀድመው በሚችል ፍጥነት፣ መኪናውን አለፈው።

ረቡዕ፣ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ፣ መናኸሪያው ገባ። ተሳፋሪዎቹ መውረድ ጀመሩ። እኔ ከኋላው ቆሜ ነበር፤ ስልኩ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ። ተጫንኩት። ቲንግ።

አባዬ አልዞረም። እጆቹ መሪው ላይ እንዳሉ ቆዩ።

«አንብቢልኝ» አለ።

የወርቅ ሜዳልያ፣ «ያለ ጭረት» ብዬ አነበብኩ። ማንበቤ ውሸት አልነበረም፤ ዝርዝሩን ከፍቼ ነበር።

«ሰዓቱስ?»

የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። «ረቡዕ። አሥር ሰዓት ከሩብ።»

«ጎበዝ» አለ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ በሩን ዘጋ፤ ሃያ ስምንት ዓመት እንዳደረገው። ከዚያ ዞር ብሎ በደከመው ዓይኑ ወደ እኔ አየና፣ «ጎበዝ ረዳት ነሽ» አለኝ።

ታዲያ መቼ ነው የምትሄደው አልኩት። እስኪ ይሻለኝ አለ። በማግስቱ መሪውን ፍቺና ለብየዳ መልሺለት አለኝ። ድካም ነው ብዬ ፈታሁት። በየሳምንቱ ልውሰድህ እላለሁ፤ እስኪ ይሻለኝ ይላል። በአምስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ማሽኑ ደሙን እያጠበ ሳለ ልቡ ቆመ። ወደ ቤት ያመጣነው በዚያው ኩርባ ነው። አሁን ዓይኑን ራሱ መጨፈን አይችልም ነበር፤ እማዬ እጇን ፊቱ ላይ ጣል አደረገችበት።

ከተቀበረ ሦስት ሳምንት በኋላ ከእማዬ ጋር ልብሶቹን እናጥፍ ነበር። አካውንቱን ላዘጋው፣ ስልክሽን ስጪኝ አልኳት። መሐረብ አጥፋ ከጨረሰች በኋላ ነው የመለሰችልኝ። ስልኩን ከፈተች፣ አንድ መልእክት አወጣችና እጄ ላይ አስቀመጠችው። እንኳን ደስ ያለዎት ይላል። «ያለ ጭረት።» ሐሙስ፣ ረፋድ አምስት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው።

ድምፁን ነበር ያጠፋሁት። መልእክቱን አላጠፋሁትም።

እማዬ ያን ሐሙስ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ የልጅነት ፎቶዎቼን በስልኳ እያየች ነበር። መልእክቱ ድንገት ፎቶው ላይ ብቅ አለ። ደስ ብሏት ጮክ ብላ አነበበችለት፤ ተሸለምክ አለችው። እሱ ጣራውን አየ። ሰዓት ስንት ነው አላት። ነገረችው። እኔ እዚህ ነኝ አለ። ያኔ ነው የገባት።

«ተናዶ ነበር?» አልኳት።

«ሳቀ» አለች። «ከዚያ አለቀሰ። አትንገሪያት አለኝ፤ የሠራችው እኔን ብላ ነው አለኝ። ቤት ስንደርስ የቀረውን እነዳለሁ አለ። ሜዳልያው ከተሰጠ ወዲያ ለምንህ ነው ብለው፣ ተሳፋሪ ጭኜ መንገድ ላይ አልተውም አለኝ።»

ድምፁ ከኋላው፣ ከቀሚሴ ኪስ እንደመጣ ወዲያው አውቆት ነበር። ከኋላ ጎማ ጠጠር ሲነሳ የየትኛው ጎማ እንደሆነ የሚለይ ሰው ነበር። ከረቡዕ በኋላ እማዬ ለብቻው ጠይቃው ነበር፤ እንግዲህ በገዛ እጅህ ሞልተኸዋል፣ ሂድ እንጂ ብላው። ያላትን ቃል በቃል ነው የነገረችኝ።

«እንደ ፍርድ ቤቱ ወረቀት ሆነብኝ። ያኔ ዳኛው በሌለበት፣ አሁን ደግሞ እኔ በሌለሁበት ነው ነፃ ያሉኝ።»

አካውንቱን አላዘጋሁትም። ብዘጋው የጠፋ ይመስለኛል፤ ግን አይጠፋም።

ከወር በኋላ የሴትዮዋን ልጅ ፈልጌ አገኘኋት። ከሆስፒታሉ ሁለት መንገድ አልፎ ጠባብ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ መስታወት። እኔን በምታክል ዕድሜ ላይ ናት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት የደንበኛዋን ፀጉር እየጠቀለለች ነበር፤ እጇ አላቆመም። አባትሽ ሞተ ማለት ነው አለች። አዎ አልኳት። ደንበኛዋ እስክትወጣ ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፤ መስታወቱ ውስጥ ሁለታችንም እንታይ ነበር።

ጠብቀነው ነበር አለችኝ። አባቷ የመጀመሪያውን ዓመት ከሥራ ሲመለስ፣ ሰውየው መጣ ወይ ብሎ ይጠይቅ ነበር። ሊሰድበው አልነበረም። ፍሬን ይዞ እንደነበር ያዩ ሰዎች ነግረውታል። በሁለተኛው ዓመት መጠየቁን ተወ። በአራተኛው ሞተ።

«ምን ነበር ያቆየው?» አለችኝ።

በመንገዴ ላይ ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ፤ ታሞ ነበር የሚል። መስታወቱ ውስጥ ዓይኗ ዓይኔ ላይ ስላረፈ አልሆነልኝም። ሁሉንም ነገርኳት። ፍሬቻውን፣ የቆሙትን የጭነት መኪኖች፣ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ አርባውን፣ ሐሙስን፣ ኪሴ ውስጥ የነበረውን ስልክ። ለማላውቀው ሰው ስነግረው እንዴት የሕፃን ነገር እንደሚመስል እየሰማሁት ነበር። አልሳቀችም። ከወለሉ ላይ የወደቀ ፀጉር መጥረግ ጀመረች።

«የቀረውን ግን ነዳው?» አለች።

«ነዳው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ራሱ።»

«ማንንም ሳይነካ?»

«ማንንም ሳይነካ።»

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቀና አለች።

«ታዲያ ምነው ሳይመጣ ቀረ?» አለችኝ።